ከአማቴ ጋር ሐይቁ ዳር

አማቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ጡረታ ከወጡም በኋላ ሰፈሩ ሁሉ «ሹፌሩ» ነው የሚላቸው። እኔ ግን ልጃቸውን ካገባሁ ጀምሮ አባባ እላቸዋለሁ። ባለቤቴ አንድ ልጃቸው ነበር። እናቱ የሞተችው የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ አባትም እናትም ሆነው አሳደጉት። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሚተዉለት ሰው ስላልነበራቸው ከመሪው ጀርባ ባለችው ወንበር ላይ አስቀምጠውት ከተማውን ሲዞር ይውላል። ማንበብ ከመቻሉ በፊት ፌርማታዎቹን በቃሉ ይዘረዝራቸው ነበር አሉ።

በዓመት አንዴ፣ አባባ ዕረፍት ሲወጡ፣ አባትና ልጅ ድንኳን ይዘው ከከተማ የሦስት ሰዓት መንገድ ወደሚርቀው የደን ፓርክ ይሄዱ ነበር። መሐሉ ላይ ሐይቅ አለ፤ ሐይቁን የሚዞር፣ ዛፎቹ ላይ ቢጫ ቀለም የተቀባለት የእግር መንገድ አለ። እኔ ስመጣ ሦስት ሆንን። ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ተንጠልጥሎ ስለሚውል ይመስለኛል፣ ደኑ ውስጥ ሲገባ አፉ አይዘጋም። ድንኳኑን የሚተክለው፣ እሳቱን የሚያያይዘው፣ ዓሣ ሳይዝ ዓሣ ያዝኩ ብሎ የሚጮኸው እሱ ነው። እኔና አባባ ተቀምጠን እናየዋለን።

አንድ ሰኞ ራሴን አመመኝ ብሎ ከሥራ ቀደም ብሎ ገባ። በአሥራ አንደኛው ቀን ቀበርነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከአባባ ጋር ኖርኩ። ወላጆቼ «ከእንግዲህ እዚያ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ሲሉኝ ሥራ አለብኝ ብዬ እነሳለሁ። አባባ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ቀድመው ተነስተው ሻይ ይጥዳሉ፤ ማታ ስገባ የበረንዳውን መብራት አብርተው ይጠብቁኛል። ስለ እሱ አናወራም። ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ፣ ስለ ጎረቤታችን ውሻ፣ ስለ አውቶቡስ ሰልፍ እናወራለን። ሳሎን ውስጥ ያለውን ፎቶውን አባባ ይወለውሉታል፤ መኝታ ቤት ያለውን እኔ እወለውለዋለሁ። ሥራ እንደተከፋፈለ ሰው ነበርን።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሌንስ በፍሬሙ ልክ እሞርዳለሁ። አንድ የሒሳብ መምህር በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ መነጽር ሰብሮ መጣ። በመጀመሪያው አዘንኩለት፣ በሁለተኛው ሳቅሁበት። ሦስተኛውን ሆነ ብሎ እንደሰበረው በኋላ ራሱ ነገረኝ። ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲያወራ እጁን ኪሱ ውስጥ ይከታል። አንድ ቀን እጁን ከኪሱ አውጥቶ ላግባሽ አለኝ። እሺ አልኩት። ችግሩ ከሦስት ወር በኋላ ወደ ሌላ ከተማ መዛወሩ ነው፤ በአውቶቡስ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ።

ለአባባ እንዴት ልንገራቸው? ቤት ውስጥ ልነግራቸው ብዙ ቀን ሞከርኩ። አፌን ስከፍት ዓይኔ ፎቶው ላይ ያርፋል፤ ወሬውን ወደ ቧንቧው እመልሰዋለሁ። በመጨረሻ «አባባ፣ ዘንድሮ ፓርኩ እንሂድ?» አልኳቸው። ሻያቸውን ጨልጠው ተነሱ። በሁለተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ድንኳኑን ከቁም ሣጥን አናት አውርደው፣ አጥር ላይ ዘርግተው፣ በጨርቅ ይጠርጉታል። ያፏጫሉም። ቦርሳዬን አስቀምጬ በሌላኛው ጫፍ መጥረግ ጀመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአባባ አሮጌ መኪና ደረስን። በሩ ላይ ያለችው ጥበቃ ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ናት፤ ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በብስክሌት ነው የምትዞረው። ከድሮ ጀምሮ ታውቀናለች። ወደ መኪናው መስኮት ጎንበስ ብላ የኋላውን ወንበር አየች።

«ጋሼ ሹፌሩ፣ ጠፉ እኮ! ያ ለፍላፊ ልጅዎ ዘንድሮ ቀረ?»

«ቀረ» አሉ አባባ።

«ሥራ በዝቶበት ይሆናል። በሉ ግቡ፣ ቦታችሁ አለ።»

አባባ መኪናውን አስነሱ። እኔ ወደ ጎን ዞሬ ዛፍ እቆጥር ጀመር።

ድንኳኑን ለመትከል አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ሁለታችንም ዓመት እስከ ዓመት ቁጭ ብለን ስናይ ኖረን አንድ ነገር አልተማርንም። አባባ ዘንጎቹን አገጣጥመው ሲያቆሙ እኔ ካስማ እመታለሁ፤ እኔ ገመድ ስወጥር የእሳቸው ወገን ይወድቃል። አንዴ ጭራሽ ድንኳኑ አባባ ላይ ወደቀና ከውስጥ ድምፃቸው ብቻ ተሰማ።

«ወራጅ አለ!»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ከሸራው ሥር ሳቁ። አጠገባችን የሰፈሩት ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ዞረው አዩን። ስንት ጊዜ ሆኖን ነበር አብረን ከሳቅን? ሳቁ ሲያልቅ ግን ሁለታችንም አንድ ነገር እንዳሰብን አወቅሁ፤ አባባ አቧራቸውን አራግፈው ሳያዩኝ እንጨት ለመልቀም ሄዱ። ድንኳኑ በመጨረሻ ቆመ፣ ወደ ግራ ዘመም ብሎ።

እሑድ ጠዋት ዳቦና እንቁላል በልተን ሐይቁን ልንዞር ተነሳን። ሰማዩ ጠቁሯል። «ይዘንባል አባባ፣ ሌላ ጊዜ» ብላቸው «መስመር ተይዞ አይመለስም» አሉኝ። ከፊት ከፊቴ ይሄዳሉ፤ ቢጫ ቀለም ያለበት ዛፍ በደረሱ ቁጥር በመዳፋቸው መታ ያደርጉታል። ልጃቸው እንደዚያ ያደርግ ነበር። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ሐይቁን ቁልቁል የሚያይ የእንጨት አግዳሚ አለ። ተቀመጥን። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅሁ።

«አባባ፣ የምነግርዎት ነገር አለኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ነገር እንዳለ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻይሽ ውስጥ ሁለቴ ስኳር እየጨመርሽ ትጠጪያለሽ። ምን እንደሆነ ግን አላውቅም። በይ ተናገሪ።»

በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። መምህሩን፣ መነጽሩን፣ እሺ ማለቴን፣ ዝውውሩን። ስለ መነጽሩ ስነግራቸው ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ዝውውሩ ላይ ስደርስ ፊታቸው ወደ ሐይቁ ዞረ።

«በአውቶቡስ ዘጠኝ ሰዓት ነው» አልኩ።

«በማን አነዳድ?»

ቀልዱ ከልማድ የወጣ እንጂ ከልባቸው አልነበረም። ቀስ ብለው «ነግረሽዋል?» አሉኝ።

«መምህሩን?»

«ባልሽን።»

አፌ ውስጥ የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ዓመት ከአራት ወር እኔም እሳቸውም ያላወጣነው ቃል።

«አባባ፣ እሱ እኮ ሞቷል።»

በጥፊ የመታኋቸው ያህል ደነገጡ። ተነሱ፤ ኮፍያቸውን አጠለቁ፤ መንገዱን ይዘው ሄዱ። ልከተላቸው ብድግ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ብቻቸውን ይሁኑ ብዬ ነው። ደግሞም እንባዬን ማንም ሳያየኝ ማፍሰስ ፈልጌ ነበር።

ዝናቡ ሲጀምር ተነሳሁ። መንገዱ ከአግዳሚው በታች ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ድንኳኖቹ ይወስዳል፣ ሌላው ወደ አሮጌው የጀልባ ማቆሚያ። ወደ ድንኳኑ የሄዱ መስሎኝ ሮጥኩ። ድንኳኑ ባዶ ነው። መኪናው ውስጥ የሉም። የጎረቤቶቻችን ልጆች አላየናቸውም አሉኝ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፤ ዝናቡ እየበረታ ነው፤ ያንን ቃል የተናገርኳቸው እኔ ነኝ። ወደ በሩ ሄጄ ለጥበቃዋ ስነግራት ብስክሌቷን ጣል አድርጋ ከእኔ ጋር ሮጠች። በየመሐሉ ፊሽካዋን ትነፋለች፤ ቆም ብለን እናዳምጣለን፤ ከዝናቡ ድምፅ በቀር ምንም የለም።

«ልጃቸው ጋ ብትደውይስ?» አለችኝ እየሮጥን።

ነገርኳት። ፊሽካውን ከአፏ አወጣችና ቆመች። «ትናንት በሩ ላይ… ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ!» አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ እንደገና ሮጠች።

ያገኘናቸው ጀልባ ማቆሚያው ላይ ነው። ከሳንቃዎቹ አንዱ በስብሶ ሲረግጡት እግራቸው ሰጥሟል፤ ነቅለው ሲያወጡት ጫማቸው ሐይቁ ውስጥ ቀርቷል። በአንድ ጫማ፣ በጭቃ ተለውሰው፣ ምሰሶ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል። እኛን ሲያዩ አፈሩ።

«ምንም አልሆንኩም» አሉ ለጥበቃዋ። «ብሬክ አልያዝ ብሎኝ ነው።»

ጥበቃዋ ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። በግራና በቀኝ ደግፈን ወሰድናቸው። መንገዱን ሙሉ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጥለው እየተራመዱ አንዴ እንኳ አላዩኝም።

ድንኳኑ ውስጥ ልብሳቸውን አስቀይሬ ቁርጭምጭሚታቸውን በሻርፔ ጠቅልዬ አሰርኩላቸው። ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል፤ ዘመም ባለበት በኩል ውኃ ይንጠባጠባል፤ ድስት ሥሩ አስቀመጥኩ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው፤ ውስጡ ግን አመሻሽ ይመስላል።

«ዋና ያስተማርኩት እዚያ ነው» አሉ ድንገት። «ሳንቃው ላይ ቆሞ አልገባም ብሎ ሲያለቅስ ገፍቼ ጣልኩት። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈኝ።»

ብርድ ልብስ ደረብኩላቸው።

«እናቱ ስትሞት ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። ከእኔ ጋር በአንድ መስመር የምትሠራ ትኬት ቆራጭ ነበረች። ደግ ሴት። ላገባት አስቤ አንድ እሑድ ቤት አመጣኋት። እሱ ሰባት ዓመቱ ነው። በር ላይ ቆሞ አያትና ‹እናቴ ስትመለስ የት ልትተኛ ነው?› አለኝ።» ዓይናቸውን ወደ ድስቱ መለሱ። «ምን ትያለሽ ለዚህ? ሴትየዋ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እኔም አልተከተልኳት። በልጄ ላይ እንጀራ እናት አላመጣም አልኩ፤ ዕድሜ ልኬንም በዚህ ስኮራ ኖርኩ።»

«ጥሩ አባት ነበሩ» አልኩ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። የመጨረሻ ጊዜ እዚህ የመጣን ዓመት፣ አንቺ ተኝተሽ፣ እኔና እሱ ውኃ ልንቀዳ ሄድን። ‹አባባ፣ ለምን ሳታገባ ቀረህ?› አለኝ። ‹ለአንተ ስል ነዋ› አልኩት። አየሽ፣ ደስ የሚለው መስሎኝ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። ‹እኔ እኮ ያኔ ሕፃን ነበርኩ አባባ፤ ምነው በኋላ እንኳ ባገባህ፣ ትቼህ መሄድ አልቻልኩም› አለኝ። የት ልትሄድ ስለው ነው የሥራውን ነገር የነገረኝ። እዚያ ትልቁ የወደብ ከተማ የሊፍት ሠራተኞች አለቃ ሊያደርጉት ጠይቀውት ነበር። አልፈልግም ብሎ መለሰላቸው።»

ያንን ሥራ አውቀዋለሁ። ለእኔ «የዚያ ከተማ ሙቀት አይስማማኝም» ነበር ያለኝ። ሙቀት! ክረምት ከበጋ በሹራብ የሚሄድ ሰው። ያኔ ተናድጄበት ሁለት ቀን አኩርፌዋለሁ፤ ምክንያቱን ሳይነግረኝ ሞተ።

«ተቆጣሁት» አሉ አባባ። «ውለታ ቢስ አልኩት። ከዚያ ደግሞ ታረቅን፤ የእኔና የእሱ ጠብ ሻይ እስኪፈላ ነው። ግን ነገሩ ከልቤ አልወጣም። እኔ ብቻዬን ቀረሁለት ብዬ ስኮራ፣ ለካ ዕድሜውን ሙሉ ተሸክሞኛል።»

እጃቸውን ያዝኩ። እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

«አንቺን አላሸክምም። ሂጂ።»

«ከእኛ ጋር ይምጡ አባባ። ስለእርስዎ አውርተናል፣ መምህሩም ደስ ይለዋል።»

«በስተርጅና ዝውውር አልቀበልም» አሉ። ቀልደው ሊጨርሱት ነበር የፈለጉት፤ ከንፈራቸው ግን እምቢ አለ። በቀብሩ ቀን፣ በሰልስቱም ሰው ሁሉ ሲንጫጫ እንደ ምሰሶ ቆመው የዋሉት ሰውዬ፣ እዚያ ዘማማ ድንኳን ውስጥ፣ አንድ እግራቸው ታስሮ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቀው አለቀሱ። «ልጄን» አሉ። «ልጄን፣ ልጄን።» እኔም ጭንቅላታቸውን ደረቴ ላይ አስደግፌ አብሬ አለቀስኩ። ድስቱ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ማንም አላነሳውም።

ሰኞ ጠዋት የጎረቤቱ አባወራ ድንኳኑን አጣጥፎ ሰጠን። መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ። አባባ ከጎኔ ተቀምጠው «መስታወት!»፣ «ማርሽ!»፣ «ይሄ ሰውዬ ምልክት አላሳየም፣ ተጠንቀቂው» እያሉ አሰቃዩኝ። የከተማው ሕንፃዎች መታየት ሲጀምሩ ግን ማዘዙን ትተው እስከ ቤት ድረስ ፌርማታዎቹን በመስኮት ይመለከቱ ጀመር።

ሠርጉ ትንሽ ነበር፤ አሥራ አምስት ሰው። አባባ ከዘራ ይዘው መጡ። መምህሩን ትከሻውን ጨብጠው «መነጽርህን ጠብቅ፣ ከእንግዲህ ጠጋኟ የቤትህ ናት» አሉት። ሁሉም ሳቀ። እሳቸው ግን በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነው የተቀመጡት፤ ቀና ስል ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከሄድኩ በኋላ በየእሑዱ እደውልላቸው ነበር። በመጀመሪያው ጥሪ «ደህና ነዎት ወይ?» አሉኝ። የተሳሳቱ መሰለኝ። በሁለተኛውም እንዲሁ። «ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» አሉኝ።

«አባባ፣ ምን ሆነው ነው አንቱ የሚሉኝ?»

«የሰው ሚስት ነሽ… ነዎት እኮ። እንደ ድሮው ልጥራዎት እንዴ? ነውር ነው።»

ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ቁጭ አልኩ። መምህሩ ምን ሆንሽ ብሎ ቢጠይቀኝ ማስረዳት አቃተኝ። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልተቆጣኝም፤ ተከበርኩ እንጂ። አንድ ዓመት ሊሞላው እስኪቃረብ እንዲህ አከበሩኝ። መጥቼ ስጠይቃቸው ለእንግዳ የሚወጣውን ብርጭቆ አወጡልኝ፤ የተነሳሁበትን ወንበር ሳይቀር ራሳቸው መለሱት። ኑሮአቸውን ስጠይቅ «ተመስገን፣ ምንም አልጎደለም» ነው መልሳቸው። ፍሪጃቸውን ከፍቼ አየሁት፤ አንድ ሎሚና የመድኃኒት ጠርሙስ ነበር ያለው። ገበያ ሄጄ ሞልቼው ተመለስኩ።

አንድ እሑድ ግን ትኩሳት ይዞኝ ከአልጋ ላይ ሆኜ ደወልኩ። ድምፄ ጎርንኗል።

«ምንድን ነው ይሄ ድምፅ?» አሉ።

«ጉንፋን ነው አባባ።»

«አንቺ ልጅ! መስኮት ከፍተሽ ተኝተሽ ነው አይደል? ስንቴ ልንገርሽ? ያ መምህር የት አለ? ስልኩን ስጪው!»

ሰጠሁት። ስለ ብርድ ልብስ፣ ስለ ትኩስ ውኃ፣ ስለ መስኮቱ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተቆጡት። መምህሩ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ «እሺ አባባ፣ እሺ» ሲል፣ እኔ ትራሱ ውስጥ ፊቴን ቀብሬ አለቅስ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው።

ከዚያ በኋላ የኖሩት አራት ወር ነው። ጠዋት ሻይ ጥደው፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ልባቸው ቆመ። ጎረቤቲቱ ናት የሻይ ማንቆርቆሪያው ጭስ ሸትቷት በሩን ያስከፈተችው። ዘጠኙን ሰዓት በአውቶቡስ መጣሁ፤ መንገዱን አላስታውሰውም።

ሆስፒታሉ አስከሬን የሚሰጠው ለቅርብ ዘመድ ነው አሉኝ። ምድር ቤት ባለች አንዲት ቢሮ ውስጥ ወጣት ጸሐፊ ቅጽ ትሞላለች። የሟችን ዕድሜ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። አድራሻቸውን ነገርኳት።

«እርስዎ ምናቸው ነዎት?»

ምራታቸው ልል አሰብኩ። ባሌ ከሞተ አራት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን የሌላ ሰው ሚስት ነኝ፤ ጣቴ ላይ ያለው ቀለበት የመምህሩ ነው። እንዲህ ላለው ሰው ቅጹ ላይ ቦታ ይኖረው ይሆን? ጸሐፊዋ ብዕሯን አንስታ ትጠብቃለች።

«ልጃቸው ነኝ» አልኩ።

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ጻፈችው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈች።